ስም ያልተጻፈበት ሬዲዮ

በኛ ጊዜ ሬዲዮ እንደ ዛሬው ከኪስ የሚወጣ ነገር አልነበረም፣ ልጆቼ። የራሱ ጠረጴዛ ነበረው፣ ጥልፍ ልብስ ነበረው፣ እና ሲከፈት ቤቱ ጸጥ ይል ነበር። ሆዱ ውስጥ አምፖል ያለበት ስለሆነ ደግሞ አምፖሉ እስኪሞቅ መጠበቅ ነው፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ትንፋሽ ይዛችሁ! ታዲያ ባለቤቴ ኡስማን፣ አላህ ይዘንለትና፣ እንዲህ ያለውን ሬዲዮ በእጁ ሰራ። ጠገነ አላልኩም፣ ሰራ ነው ያልኩ። ይኸን ስናገር ስንቱ ስቆብኛል መሰላችሁ። አሁን ግን የሚስቅ ካለ ይምጣ!

ባለፈው ስልኬ ዝም አለብኝ፣ ልጄ ከጅዳ የምትደውልበት ስልክ፣ እና ወደ ጀማል ሱቅ ይዤው ወረድኩ። ጀማልን ታውቁታላችሁ፣ እዚሁ መካነ ሰላም ከመናኸሪያው በታች ስልክ የሚጠግነውን። ብገባ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ የድሮ ሬዲዮ ጀርባው ተከፍቶ ተቀምጧል። አጠገቡ ከደጎሎ ከተማ የመጣ አስተማሪ አለ፣ ታደሰ ይባላል፣ ስሙን ኋላ ነው የሰማሁ። ጀማል ሬዲዮውን በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል፣ ላብ ላብ ይለዋል።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?» አልኩት።

«እማ ዘሀራ፣ ይቀመጡ። የዚህ ሬዲዮ ስሪት የማን እንደሆነ ጠፋኝ። ስም የለው፣ ቁጥር የለው። አንዱ አምፖል የአንድ አገር፣ ሌላው የሌላ አገር። እሱን የሚመስል አንድም አላገኘሁ።»

ታደሰ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «አባቴ የጣሊያን ነው ይሉ ነበር፣ እማማ። ትምህርት ቤታችን የድሮ ዕቃ ለሕዝብ ሊያሳይ ነው፣ እና ከሥሩ የሠሪው ስም መጻፍ አለበት» አለኝ።

«እንግዲያ ጣሊያን ብለህ ጻፈው፣ እኔስ ደከመኝ» አለ ጀማል።

እኔ ግን ጠጋ ብዬ አየሁት። ሽቦዎቹ አንድ ላይ ተሰብስበው በክር ታስረዋል፣ እና ክሩ፣ ክሩ ልጆቼ! እኔ ግራኝ ነኝ፣ እንዝርት የማሽከረክረው በግራ እጄ ነው፣ ክሬ የሚጠመዘዘው ከሌላው ሴት ክር በተቃራኒ ነው። ሴት የፈተለችውን ክር ትስተዋለች? በሰም አሽቼ ለኡስማን የሰጠሁት ክር ነው፣ ሰሙ እንኳ አለ!

«ይኸን የሰራው ባለቤቴ ነው፣ ኡስማን ነው» አልኩ።

ጀማል አንገቱን ደፋ። ታደሰ ሳቀ። በአክብሮት ነው የሳቀ፣ ግን ሳቀ። «እማማ፣ ድሮ ፋብሪካውም ሽቦ በክር ያስር ነበር» አለኝ።

በኡስማንም ልክ እንዲህ ነበር የሚስቁበት። ወታደር ቤት መገናኛ ክፍል ነበረ፣ ሬዲዮ እዚያ ነው የተማረ። ሲመለስ ከደሴ የተሰበረ ሬዲዮ በጆንያ እየሰበሰበ፣ የአንዱን ሆድ ዕቃ ለሌላው እየሰጠ፣ ሳጥኑን ከዋንዛ እየጠረበ፣ አንድ ሬዲዮ አወጣ። ያ ሬዲዮ ሲናገር የሰማሁት ቀን ያለቀስኩትን እኔ ነኝ የማውቅ! እና «በል እንጂ ስምህን ጻፍበት» ስለው፣ «እብድ ነሽ ወይ ዘሀራ? የኡስማን ነው ካልኩ ማን ይገዛዋል? ባዶውን ይሁን፣ የፈለጉትን ይበሉት» አለኝ። ለደጎሎ ነጋዴ ሸጠው። ያ ነጋዴ የታደሰ አባት ኖሯል! ከዚያ በኋላማ እኔ ነኝ የሰራሁት ቢል ማን ይመነው? «የኡስማን ፋብሪካ እንዴት ዋለ?» እያሉ እስኪሞት ቀለዱበት። ቂሙ ከሆዴ አልወጣም፣ እውነቴን ነው።

ታዲያ ተነሳሁ። «ጀማል፣» አልኩ፣ «ድምፅ ማጉያውን ፍታው። ከጀርባው፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ ያለው ክር ቀይ ነው። ነጩ አልቆብኝ ከሰርጌ ነጠላ ጥለት መዝዤ ነው የሰጠሁት። ቀይ ካልሆነ ጣሊያን ብላችሁ ጻፉ፣ እኔም ሁለተኛ አፌን አልከፍት።»

ብሎኑ ዝጎ እንቢ አለ። ጀማል ዘይት ጠብ አደረገበት፣ ጠበቅን፣ እንደገና ሞከረ። እኔስ ፈርቼ ነበር፣ ምን እዋሻችኋለሁ። ስንት ዘመን ነው! ቀለሙ ለቆስ ቢሆን? አይጥ በልቶትስ ቢሆን? በባሌ ሁለተኛ ላስቅበት ነው እያልኩ ከንፈሬን ነከስኩ።

ድምፅ ማጉያው ወጣ። ጀማል አቧራውን በጣቱ ጠረገው። «ወላሂ፣ ቀይ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ታደሰ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን የጣሊያን ነው እንዳሉ...»

«አባትህ አልዋሹም፣ ያልተነገራቸውን ከየት ያምጡት? ጆሯቸው ግን ዕድሜ ልኩን የሰማው የኡስማንን እጅ ነው» አልኩት።

ወረቀት አወጣና፣ «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። ያኔ እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም። «ኡስማን ሰራው፣ መካነ ሰላም፣ በል» አልኩት። ጻፈ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ጀማል አነበበልኝ። ደግመህ አንብብልኝ አልኩት፣ ደገመልኝ።

«ቆይ፣ አላለቀም» አልኩ።

«ምን ቀረ እማማ?»

«ክሩንስ ማን ፈተለው? ጻፋ! ዘሀራ ፈተለችው በል!»

— ስልክዎስ ተሰራ፣ እማ ዘሀራ?

የምን ስልክ፣ ልጆቼ? እዚያው ረስቼው መጣሁ! ጀማል ጠግኖት ኖሮ፣ ልጄ ከጅዳ ብትደውል አንስቶ፣ «እናትሽ እኮ የፋብሪካ ባለቤት ሆነው ስልክ ረሱ» አላት አሉ። ይበል! ነኝ እንጂ!