የሚጢጢዋ መኪና ጠባቂ

ሎንደን ሳቅ የላትም እያልኩ ሳማርር የምታውቁኝ፣ ይህን ስሙኝ። ጃፓኖች አረጀች ብለው የሸኟትን፣ እዚሁ ሎንደን፣ ኤድመንተን ሰፈር ውስጥ እንደ አዲስ የታደሰች ሚጢጢ የጭነት መኪና ገዛሁ። ጓደኛዬ ጽጌ ዓይን እንዳይበላት ብላ መስታወቷ ላይ መስቀልና መቁጠሪያ ደርድራ ሰቀለች። ለዓመታዊ ምርመራ ስንወስዳት መካኒኩ፣ "ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ ይህ ሁሉ ግን መንገዱን ስለሚጋርድ አላሳልፋትም" አለን።

"አውርጂው" አልኳት።

"ጠባቂዋን? ያ ሁሉ ያነበብሽው መጽሐፍ ይህን ነው ያስተማረሽ?"

"መኪናዬ ቆማ ልትቀር ነው፣ ጽጌ!"

እያጉረመረመች አንድ በአንድ አውርዳ ሁሉንም አንገቷ ላይ አጠለቀችው። መኪናዬ አለፈች። ሞተሩን ሳስነሳ ጽጌ ከጎኔ ጉብ ብላ፣ "እንግዲህ ያለ እኔ ንቅንቅ የለም" አለችኝ። በዚህ ከተማ እንደዚያ ቀን ጮክ ብዬ ስቄ አላውቅም።