ተራ የሚያውቅ ራስ ምታት

ደስ የሚል ክፍል ነው ዶክተር፣ እጅዎ ይባረክ። መጋረጃው ንጹሕ፣ አንሶላው ንጹሕ። እዚህ ወንበር ላይ ልቀመጥ? ወገቤ ነው እንጂ መቆሙስ ባልከፋኝ ነበር። እህቴንስ እንዴት አድርገው አሳመሯት! በየእጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል አንድ አንድ መርፌ፣ በየእግሯ አንድ አንድ፣ ግንባሯ ላይ ሦስት፣ አናቷ ላይ አንድ… ሃያ አምስት ደቂቃ አትናገሪ፣ አትነቃነቂ አሏት አይደል? እሰይ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም፤ እስከዚያው ስለ አንዲት የማውቃት ሴት ላጫውትዎ።

አይ፣ አንቺን አይደለም እህቴ፤ አርፈሽ ተኚ። ስለ ሌላ ሰው ነው።

ይቺ ሴት ራሷን ያማታል። ቅድም ሲያስረዱን የውጥረቱ ራስ ምታት እንደ ጠባብ ባርኔጣ ዙሪያውን ይጨምቃል፣ ማይግሬን ግማሹን ይዞ ይወጋል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል፣ ከአንገት የሚነሳም አለ አላሉም? ጉድ አልኩ በሆዴ! እሷ ዘንድ ሁሉም አሉ። ሰኞ በግራ፣ ሐሙስ በቀኝ፣ ቅዳሜ ከማጅራት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ ራስም ዥንጉርጉር ኖሯል። ደግሞ ጨዋነቱ! የሌላው ሰው ራስ ምታት ቀን አይመርጥም፤ ሥራ ላይም ገበያ መሃልም ይጥለዋል። የሷ ግን የተማረ ነው፤ ቀን መቁጠሪያ ያነባል። እናታቸው ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ከተኛች ጀምሮ፣ ሁለቱ እህትማማቾች ወር በወር እየተቀባበሉ ሊያስታምሟት ተስማምተው ነበር። ታዲያ የሷ ተራ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ራስ ምታቱ ከች! ተራው ሲያልፍ ደግሞ… ልቀቅ ያሉት ያህል ይለቃታል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው በሽታ አይተው ያውቃሉ?

ብርሃን አልችልም ትላለች፤ እውነቷን ነው። በአለቃዋ ልጅ ሰርግ ያን ሁሉ የካሜራ መብራት ችላ እስኪበተን የጨፈረችው እኮ ለሰው ብላ ነው። ድምፅም ይረብሻታል። የሰው ሁሉ አይደለም፤ «ውሃ አቀብሉኝ» የሚል የአሮጊት ድምፅ ነው ለይቶ የሚያማት። ይኼኛው ዓይነት በመጽሐፍዎ ውስጥ አለ? ካለስ መርፌው የት ነው የሚሰካው?

ሐሜት እንዳይመስልብኝ፤ ደግ ናት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሷማ መች ደብቃ! ጎረቤቱም ያውቃል፣ መሥሪያ ቤቱም ያውቃል። እናቷም ብትሆን አትቀየማትም። ባለፈው፣ ተራዋ በገባ ቀን፣ አሮጊቷ ጸጉሯን አስበጥራ፣ ልብሷን በቦርሳ አስከትታ፣ ትራሷን ታቅፋ ከጠዋት ጀምሮ በር በሩን ስታይ ዋለች። ከሰዓት ስልክ ተደወለ። ምን ቢባል ጥሩ ነው? «ራሴን።» አሮጊቷ ምን አለች መሰለዎ… «ተያት ልጄ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ስወልዳትም ሁለት ቀን ያማጥኩት ራሷ አልወጣ ብሎ ነው።» ሳቀች ደግሞ። ከዚያ ልብሱን ወደ ቦታው መልሺው አለች።

ታላቅየዋ? ኧረ እሷን ይተዋት፣ ጅል ናት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆኖ፣ የታናሽየዋ ራስ በታመመ ቁጥር የሚቆረጠው የሷ ወገብ ነው። እናቷን ስታነሳ ስታስተኛ ዲስኳ ተንሸራቶ፣ ኦፕራሲዮን ካልሆንሽ እግርሽ ይሰንፋል ተብላ፣ በእናቷ ምክንያት ሁለት ቀጠሮ አሳልፋለች። ሦስተኛው ነገ ጠዋት ነው። ይኼ ካለፈ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ እንጃ። ታዲያ ይቺ ጅል ምን አሰበች መሰለዎ? ራስ ምታቱን ከነሥሩ ላስነቅልላት ብላ እህቷን በእጇ ይዛ መርፌ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። እናቲቱንም አብራ ይዛ መጣች፤ ይኸው ውጭ… ማለቴ፣ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት አሉ፣ ታናሽየዋ ስትወጣ ከዚያው ይዛት እንድትሄድ።

ውይ ዶክተር፣ የእህቴ ዓይን እንባ አቀረረ! መርፌው ነው? እኔ እኮ አይታወቅም ሲሉ ሰምቼ… በሶፍት ልጥረግላት። አይዞሽ፣ ስለ ሌላ ሰው ነው።

ደረሰ? ሃያ አምስት ደቂቃ እንዲህ ይሮጣል! ቀስ ብለው ይንቀሉላት። እሰይ፣ ደም እንኳ የለውም። እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ፣ ቀለለሽ?… ምን አለች? ሦስት ሳምንት ትረፍ፣ ከባድ ነገር አታንሳ የሚል ወረቀት ይጻፍልኝ?

…

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚሉት ለካ እውነት ነው ዶክተር። ይኸው አየነው፤ ምንም የለበትም።

ይጻፉላት እንጂ፣ እስክሪብቶ ላቀብልዎ? ከባድ ከሚባለው ውስጥ አርባ ስምንት ኪሎ የምትመዝን አሮጊትም እንዳለችበት ይጥቀሱልኝ፤ ኋላ ክርክር እንዳይነሳ። እኔ ልውጣ። እናቴን ወደ ቤቴ ልመልሳት፣ ለሆስፒታሉም ደውዬ ነገ አልመጣም ልበል። አንጀቴ እርር ብሏል፣ ምን ልደብቅዎ። ግን ያቺን የነገርኩዎን ሴት ሳልመርቃት አልሄድም።

እግዜር ዕድሜ ይስጣት። እስክታረጅ፣ ሰው ደግፎ እስኪያነሳት ድረስ ዕድሜ ይስጣት። ከእንግዲህ ራሷንም አይመማት። ሁለቱን ልጆቿን ያሳድግላት፤ አድገውም እሷ ለእናቷ የሆነችውን ያህል፣ አንዲት ሳያጎድሉ፣ ይሁኑላት።

አሜን በይ እንጂ እህቴ።