በዶኛ ኤርሚኒያ መኪና ኤሲ ውስጥ ስለተሰማው ድምፅ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ አልሲደስ ካንቲዮ ፓዲያ
ዕድሜ፦ 53
ሥራ፦ የመኪና ኤሲ ጥገና
አድራሻ፦ ባራንኪያ ከተማ፣ ባሪዮ አባሆ፣ ከዳቦ ቤቱ ማዶ ያለው ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጁላይ 24 ቀን 2018፣ ከሰዓት በኋላ
ቃሉን የተቀበሉት፦ ሳጅን ኑሪስ ማሪያጋ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ እንደተጻፈው ነው። ከተጠርጣሪው ከናፈር ኦሮስኮም ሆነ ከከሳሾቹ ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። በዚህ ከተማ ኤሲ የሌለው መኪና ምድጃ ስለሆነ ሥራ አጥቼ አላውቅም። ዶኛ ኤርሚኒያ ቪዮሪያን የማውቃቸው ሟች ባለቤታቸው ትተውላቸው ባለፉት አሮጌ የቤት መኪና ምክንያት ነው። መኪናውን ወደ እኔ ያመጣ የነበረው ሾፌራቸው ናፈር ነው። ናፈር ድምፅ ከሰማ ዕለቱን የሚመጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሾፌር አይበዛም። አብዛኛው ሰው መኪናው ሲያቃስት ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል፣ ሲበላሽበት ደግሞ እኔን ይቆጣል።

ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ መኪናውን ይዞ የመጣው ግን የዶኛ ልጅ ሮዶልፎ ነው። እናቱ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ናፈር የት እንዳለ ጠየቅሁት።

«ናፈርማ ታስሯል፣ ማስትሮ» አለኝ። «የእማዬን የወርቅ ሜዳልያ አንስቶ። ስንት ዓመት ከእኛ ጋር በልቶ ጠጥቶ፣ ጉድ ሠራን።»

ሜዳልያውን አውቀዋለሁ። የሾፌሮች ጠባቂ የሆነችው የካርመን ድንግል ማርያም ምስል ያለበት ሲሆን፣ ሟቹ የጭነት መኪና በሚነዱበት ዘመን ከአንገታቸው አይለዩትም ነበር። ሮዶልፎ እንደነገረኝ ሜዳልያው የታጣው ከድንግሏ በዓል ማግስት፣ ጁላይ 17 ቀን ነው። በበዓሉ ዕለት እንደ ወትሮው መኪናው ሁሉ በአበባና በባለቀለም ወረቀት ተሸልሞ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተሰልፎ ጸበል ተረጭቷል፤ የዶኛንም መኪና የወሰደው ናፈር ነው። ሮዶልፎ ይህን ሲያወራ ዶኛ አንድ ቃል አልተናገሩም።

የመኪናው ችግር ኤሲው ሲከፈት ክርክር የሚል ድምፅ ነው። ሌላ ጋራዥ ቺንጋውንና የኮምፕሬሰሩን ኩሽኔታ ቀይረውለታል፤ ድምፁ ግን እንዳለ ነው። «ኮምፕሬሰሩ አልቆለታል፣ አዲስ አስገባ ብለውኛል» አለኝ። እኔ በሰው ምርመራ ብሎን አልፈታም። ሞተሩን አጥፍቼ በባትሪ ብቻ የኤሲውን ማራገቢያ ከፈትኩ። ሞተሩ ካልዞረ ቺንጋም ኮምፕሬሰርም አይዞርም። ድምፁ ግን አልጠፋም። ማራገቢያውን ሳፈጥን አብሮ ፈጠነ፣ ሳዘገይ አብሮ ዘገየ።

«ኮምፕሬሰርህ ጤነኛ ነው» አልኩት። «ማራገቢያው ውስጥ የሆነ ነገር ገብቷል።»

«አይጥ ይሆናላ።»

«አይጥ ቢሆን እስካሁን ሽታው ከመኪናው ያስወርድህ ነበር።»

በተሳፋሪው እግር በኩል ያለውን ክዳን ለመክፈት በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈታሁ። ከመፍታቴ በፊት ብሎኖቹ ላይ የዓመታት አቧራ ተጋግሮ ነበር፤ ማንም እንዳልነካቸው አይቻለሁ። ማራገቢያውን ዝቅ ሳደርገው የወርቅ ሐብል ክንፎቹ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሜዳልያው ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ይፋጭ የነበረው እሱ ነው። በእጄ አልነካሁትም። ሁለቱም መጥተው እንዲያዩ ጠራኋቸው።

ናፈር ነጻ ወጣ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሮዶልፎ ግን ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ። «ቀበኛ! እዚህ ነው ለካ የደበቀው። ማስትሮ፣ ለፖሊስ ይህንኑ ትነግራለህ። የእኛ ቤት መኪና ሁሉ ወደ አንተ እንደሚመጣ ደግሞ አትርሳ።»

በዚህ ጊዜ በጣም ተናደድኩ። ያየሁትን እንጂ ሌላ አልናገርም ብዬ ራሴ ወደ ጣቢያው ደወልኩ። ሳጅን ኑሪስ እስኪመጡ ማራገቢያውን እንዳለ ተውኩት።

ሳጅን ኑሪስ መጥተው ሰው ዕቃውን እዚያ ሊደብቀው ይችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ከታች ብሎን ሳይፈታ እንደማይቻል፣ ብሎኑ ደግሞ እንዳልተነካ ነገርኳቸው። ሐብሉ ከደረቀ የአበባ ቅጠልና ከባለቀለም ወረቀት ቁርጥራጭ ጋር ተጠላልፎ እንደነበርም አሳየኋቸው። እንዲህ ያለው ነገር ወደ ማራገቢያው የሚወርደው ከውጭ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሥር ካለው የአየር ማስገቢያ ወንፊት ነው። ወንፊቱ በአንድ ጎኑ ተሰብሯል። ሌባ የሰረቀውን ሲደብቅ አበባ አይበትንበትም።

መጠየቅ የፖሊስ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አላስችል ብሎኝ ወደ ዶኛ ዞርኩና «እትዬ፣ ጸበሉ ሲረጭ ሜዳልያው የት ነበር?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሳቸው ዝምታ ግን የሰው ስም እየበላ ነበር።

በኋላ «መጥረጊያው ላይ አንጠልጥዬው ነበር» አሉ። «ጸበሉ እንዲነካው ብዬ። ሮዶ ከሳጥን እንዳታወጪው ብሎኝ ነበር። ስናጣው ሰልፉ መሀል የወደቀ መሰለኝና ፈራሁ።»

«ማንን ነው የፈሩት?» አሉ ሳጅን ኑሪስ።

«ልጄን ነዋ።»

ሮዶልፎ «እማዬ» ብሎ ወደ እናቱ ዞረ።

ከዚህ በኋላ ሳጅን ኑሪስ ሜዳልያውን ይዘው፣ ሁላችንም ወደ ጣቢያው መጣን። ናፈር ከማረፊያ ቤቱ ሲወጣ ጢሙ አድጎ፣ የበዓሉን ነጭ ሸሚዝ እንደለበሰ ነበር። ሮዶልፎ «እንግዲህ ስህተት ነው፣ ያጋጥማል። ነገ በሰዓትህ ና» አለው። ናፈር አልፎት ወደ ዶኛ ሄደ።

«ሲያንጠለጥሉት አይቻለሁ» አላቸው። «‹ለሮዶ እንዳትነግር› አሉኝ፣ እሺ አልኩ። እዚህ ሲጠይቁኝም ‹አልወሰድኩም› ብቻ ነው ያልኩት። የቀረውን እርስዎ መጥተው ይነግሯቸዋል ብዬ በየቀኑ ጠበቅሁ።»

ዶኛ አለቀሱ። ሜዳልያውን ከሳጅኗ ጠረጴዛ ላይ አንሥተው «የባለቤቴ ማስታወሻ ነው፣ ላንተ ይሁን ልጄ። አንገትህ ላይ አድርገው» ብለው ዘረጉለት።

ናፈር እጁን አልዘረጋም። «ዶኛ፣ አንገቴ ላይ ያየው ሰው ምን እንደሚል እርስዎ ያውቁታል» አላቸውና ወጣ። የአውቶቡስ መሳፈሪያ ላድርሰው ብዬ መኪናዬን ላስነሣ ስል በእግሩ ርቆ ሄዷል።

ዶኛ ሜዳልያውን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ይህን ቃል በምሰጥበት ሰዓት እዚያው አለ፤ ልጃቸው ሁለት ጊዜ «እንሂድ» ብሏቸዋል፣ እሳቸውም ተነሥተዋል፣ ሜዳልያውን ግን ያነሣው የለም።

ከዚህ በላይ የሰፈረው በዓይኔ ያየሁት በጆሮዬም የሰማሁት ነው። ተነቦልኝ አዳምጫለሁ፤ የተጨመረም የተቀነሰም የለበትም። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ አልሲደስ ካንቲዮ ፓዲያ
የተቀባይዋ ፊርማ፦ ሳጅን ኑሪስ ማሪያጋ