ጋቢ ውስጥ ያለው ሬዲዮ

በደርግ ጊዜ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበሯ ጎረቤላ በሚሄደው ላንድሮቨር፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ታቅፈው፣ ሁለት ሬዲዮ እግራቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለው ወጣት አላስችል አለው።

«አባባ፣ ይሄን ግዙፍ ማጉያ የመረጡት ለምንድነው?»

«ጩኸቱ ቀበሌ ድረስ እንዲሰማ ነዋ። በሩ ላይ እሰቅለውና የመንግሥትን ዜና እለቅበታለሁ።»

«ሁለቱንም ሬዲዮ ያገናኙበታል?»

«ትልቁን ብቻ። ትንሹ ከኔ ጋር ጋቢ ውስጥ ነው።»

«ጋቢ ውስጥ ለምን?»

«የአንኮበርን ብርድ አታውቀውም እንዴ ልጄ?»

ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የውጭ ጣቢያ ይይዛል?»

«ብርድ ነው አልኩህ።»

«ታዲያ ማጉያው እንደዚያ እየጮኸ የትንሹ እንዴት ይሰማዎታል?»

«ማጉያው ካልጮኸማ ለጎረቤትም ይሰማል።»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ ጎረቤላ እስክንደርስ የቤቴ በር ከቀበሌው በየት በኩል እንደሆነ ሳሰላስል ነበር።