ቦዳ የሰበረው አጥንት

በኛ ጊዜ አጥንት ዝም ብሎ አይሰበርም ነበር፤ ሰባሪ ይፈልግ ነበር። አገር ቤት በቅሎ ትጥልሃለች፣ እዚህ ካምፓላ ደግሞ ቦዳ፣ ያ የኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ይገጭሃል። ታዲያ ኦልድ ካምፓላ ሰፈር የሱቅ ጎረቤቴ ሐጂ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ መጣ፤ ምን አገኘህ? ቦዳ። ወገቧን የያዘች አሮጊት ልንጠይቅ እንሄዳለን፤ ቦዳ። ሁሉም ቦዳ። እኔም የእድሩ ሰብሳቢ ነኝና አሰብኩ፣ አሰብኩና ሽበት ያወጣ ሁሉ ከቤቱ አይውጣ ብዬ መከርኩ። አጨበጨቡልኝ።

እህቴ ዘይነባ ታላቄ ናት፣ ግን ሰማችኝ። እሷንም የእጇን አንጓ ቦዳ ሰብሯት ነበርና። ከቡኮቶ ሰፈር እስከ ኦዊኖ ገበያ ድረስ በእግሯ ትወርድ የነበረች ሴት ሶፋ ላይ ቀረች፤ ፀሐይን በመስኮት ነው የምታያት።

ታዲያ የኮሮናው ሎክዳውን መጣና ቦዳ ሰው እንዳይጭን ተከለከለ። መንገዱ ጭር አለ። እንግዲህ አጥንታችን አረፈ አልኩ። በዚያው ሰሞን ዘይነባ ከሶፋው ልትነሳ ስትል ተንገዳግዳ ምንጣፉ ላይ ወደቀች፣ ዳሌዋ ቋ አለ። የእድሩ ሰው ይደውላል፣ "የትኛው ቦዳ ነው?" ይለኛል። ኧረ ሳሎን ነው የወደቀችው እላለሁ። "ሳሎን ድረስ መግባት ጀመሩ?" ይለኛል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዞሬ በሩን አየሁት።

መኪና ለማንቀሳቀስ ፈቃድ ስንለምን ዋልንና ሐኪም ቤት ደረስን። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ከዚህ በፊት ተሰብረው ያውቃሉ ወይ አለች። እኔ ቀደም ብዬ፣ አዎ፣ አንጓዋን፣ ቦዳ፣ አልኩ። ይኼኔ ዘይነባ ከአልጋው ላይ፣

"ቦዳ አልነበረም፣ ሰይድ። ባልዲ ሳነሳ ነው።"

"ታዲያ ለምን ቦዳ አልሽ?"

"ባልዲ ሰበራት ከምትሉኝ ብዬ ነዋ። ሐጂስ ቢሆን ከአልጋው ሲወርድ አይደል?"

ሐኪሟ አልሳቀችም። አጥንት በእርጅና ይሳሳል፣ በሴት ደግሞ ይብሳል፣ ሽማግሌ ያለበት ቤት ብዙው ይህ አለበት፤ ያ አንጓ ነግሯችሁ ነበር፣ ያኔ ብትመጡ መድኃኒት ነበረው አለች። ተቀምጦ መዋሉ ደግሞ ያባብሰዋል፣ ማን ነው ተቀመጪ ያላት? አለች። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"ትራመዳለች?" አልኩ።

"ቀዶ ጥገናው ከተሳካና በየቀኑ ካራመዳችኋት። አንዳንዱ ግን አይነሳም።"

ያ "አንዳንዱ" ልቤ ላይ ተቀመጠ። ዳሌው ተሰብሮ ተኝቶ የቀረ፣ ተሸክመን የቀበርነው ሽማግሌ ስንት ነው? እና ሁሉንም በቦዳ አሳበብን እኮ።

ዘይነባ ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው ከዘራዋን ይዛ እዚያ ተቀምጣለች። በእድሩም፣ ሽማግሌ ሁሉ በእግሩ ይሂድ፣ ፀሐይ ይሙቅ፣ አጥንቱን ይታይ ብዬ ወሰንኩ። እኔ ነኝ ያሰብኩት። ምን አልክ? ይሄ የእጄ ፋሻ? አይ፣ ይሄስ በእውነት ቦዳ ነው።

(ሰይድ ይህን ሲል ዘይነባ ከዘራዋን ተደግፋ ከተቀመጠችበት ተነስታ ነበር።)

"ተነስ፣" አለችው፤ "ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ቦዳ ጥራ።"