የቆጠረ ሰው ፖስታ አይከፍትም

እሺ፣ አንዴ ጸጥታ! ከኋላ ያላችሁ፣ ወንበር ያልደረሰው ግድግዳ ይደገፍ። እትዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ እንጂ። የዛሬ ብርጭቆ አጣቢ እርስዎ አይደሉም። ኧረ ይቀመጡ!

የእትዬን የሽኝት ንግግር አንተ አድርግ ሲሉኝ ለምን እንደደነገጥኩ ታውቃላችሁ? ለፍቼ ለፍቼ ስጨርስ እትዬ ረጋ ብለው «ድገመው» ይሉኛል ብዬ ነው። በዚህ ቤተ ሙከራ «ድገመው» ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? አለቃችን ዶክተሩ እንኳ እጃቸውን አላወጡም። «እትዬ ድገመው» የሚለው ስም በከንቱ አልወጣላቸውም።

እትዬ እዚህ ሥራ ሲጀምሩ እኔ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን የምነግራችሁ ከበር ጠባቂያችን ከጋሼ የሰማሁትን ነው። ከዋሸሁ እሳቸውን ጠይቁ፤ ይኸው ገና ሳልጀምር እየሳቁ ነው። ያኔም እንደዛሬው ከሥር የዓይን ክሊኒኩ ነው፣ ከላይ ደግሞ እኛ። አንዲት ቀጭን ልጅ ቦርሳዋን ታቅፋ መጣች። («መጣች» የምልዎት በጋሼ አፍ ስለሆነ ነው፤ ይቅርታ እትዬ።) ጋሼ ገና ሲያይዋት «ወረፋ ያዢ» አሏት። ያዘች። ሁለት ሰዓት ተኩል ከበሽተኞቹ ጋር ተቀመጠች። ተራዋ ሲደርስ ነርሷ አንድ ዓይኗን ሸፍና «አንብቢ» አለቻት። እስከ መጨረሻው መስመር አንበለበለችው። ከዚያ «እኔ እንኳ ለሥራ ነበር የመጣሁት» አለች።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ «ይሄ ሰሌዳ ከስድስት ሜትር አይደል የሚነበበው? ወንበሩ አምስት ሜትር ከሃያ ላይ ነው ያለው» አለች። በምን አወቅሽ ሲሏት ወረፋ ስትጠብቅ የወለሉን ሸክላ ቆጥራው ኖሯል። ሁለቴ! ሜትር መጥቶ ተለካ። አምስት ከሃያ። ያን ሳምንት «ዓይንዎ ደህና ነው» ተብለው የተሸኙት ሁሉ እንደገና ተጠሩ። አለቃችን ይህን ሲሰሙ በሩጫ ወርደው ቀጠሯት።

የእትዬ የእህት ልጆች ዛሬ አብረውን አሉ። አክስታችሁ ጠዋት ጠዋት እየወጡ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ልንገራችሁ። በዓይናችን ጀርባ ሬቲና የሚባል በጣም ስስ ንጣፍ አለ። ብርሃን የሚቀበሉት ሴሎች እዚያ ተደርድረዋል። እነዚህን ሴሎች አንድ በአንድ የሚገድሉ፣ በዘር የሚተላለፉ በሽታዎች አሉ፤ የሞተው ደግሞ አይተካም። እኛ የምንፈልገው ያንን ሞት የሚያዘገይ መድኃኒት ነው። ለግማሾቹ አይጦች መድኃኒት እንሰጣለን፣ ለግማሾቹ አንሰጥም። ከዚያ የሬቲናቸው ቁራጭ ቀለም ነክቶት መስታወት ላይ ይለጠፋል። በማይክሮስኮፕ ስታዩት እየሞተ ያለው ሴል አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። አክስታችሁ እሱን ይቆጥራሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት አረንጓዴ ነጥብ! እኔ አንድ ቀን ቆጥሬ ቤቴ ስገባ ሽሮ ቀለም የነበረው ግድግዳ ሁሉ ነጠብጣብ ሆኖብኛል።

ሲቆጥሩ ደግሞ ወዮለት ለሚያናግራቸው። ቀኝ እጃቸው ላይ ያቺ የምትጫን ቆጣሪ አለች፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ግራ እጃቸው ላይ አንድ ጣት ከተነሳች አለቃችንም ቢሆኑ ወደ ኋላ ነው። የእሳት አደጋ ልምምዱን ታስታውሳላችሁ? ደወሉ ጮኸ፣ ሁላችንም ግቢ ወጥተን ተሰለፍን። ጋሼ ወረቀት ይዘው እየጠሩ እትዬ ጋ ደረሱ። «እትዬ አሉ?» ሲሉ «አራት መቶ አሥራ ሁለት!» አሉ እትዬ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ተመልሰው ወንበራቸው ላይ እስኪቀመጡ ድረስ ያናገራቸው ሰው የለም። የሚቆጥር ማሽን የመጣ ጊዜም አንድ መስታወት ላይ አብረውት ቆጠሩና «ጎበዝ ነው። አቧራውንም ጨምሮልናል። በሉ ድገመው በሉት» አሉ። ማሽኑ ይኸው እስከ ዛሬ ካርቶኑ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ደንባቸው ልምጣ፤ ሳቁም እዚህ ላይ ይብቃን። የትኛው መስታወት መድኃኒት ካገኘችው አይጥ እንደመጣ የሚቆጥር ሰው ማወቅ የለበትም። ስለዚህ እያንዳንዱ መለያ ላይ ፕላስተር ይለጠፍበታል፣ አዲስ ቁጥር ይጻፍበታል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር ፖስታ ውስጥ ገብቶ ይታሸግና ታች ጋሼ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ሁለት ሰው ለየብቻ ይቆጥራል። ሁለቱም ሲጨርሱ ፖስታው ይከፈታል። የቆጠረ ሰው ግን ፖስታ አይከፍትም።

እዚህ ከመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ይህን ደንብ አፈረስኩት። አብዛኞቻችሁ አታውቁም፤ እትዬ ለማንም አልተናገሩም። እናቴ ይህ በሽታ አለባት። መጀመሪያ የጎን የጎኑን ወሰደባት፤ በር እየመታት፣ ሰው እየገፋች ጀመረ። እኔ እዚህ የገባሁት ለሷ ብዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ያን ዓመት አንድ መድኃኒት ስንሞክር ትዕግሥት አጣሁ። ፕላስተሩን በጥፍሬ ብድግ አድርጌ አየሁት። ከዚያ በኋላ የዋሸሁ አልመሰለኝም። ግን ደብዘዝ ያለች አረንጓዴ ነጥብ ባየሁ ቁጥር፣ መድኃኒት ያገኘው ላይ ከሆነች «አልሞተችም» እላለሁ፣ ያላገኘው ላይ ከሆነች ቀጭ! አደርጋለሁ። በመጨረሻ ልዩነቱን ራሴ ሳሰላው ሲሶ ያህል ሆነ። ሌላ ሰው እስኪቆጥር እንኳ አልጠበቅኩም፣ ደወልኩላት። «እማዬ፣ ሠራ!» አልኳት።

ሁለተኛዋ ቆጣሪ እትዬ ነበሩ። በሳምንቱ ጠሩኝ። «ፕላስተሩን አንስተሃል?» አሉኝ። እንዴት አወቁ ብላቸው፣ «ከኔ ቆጠራ ጋር ሳስተያየው በግማሹ መስታወት ለጋስ ነህ፣ በግማሹ ንፉግ ነህ። ሳያውቅ የሚቆጥር ሰው እንዲህ አይሆንም። ድገመው።» አሉ።

«እናቴ እኮ ናት፣ እትዬ!»

«እናትህ ስለሆነች ነዋ። ባዶ ነገር ልታጠጣት ነው?»

ደገምኩት፤ አዲስ ፕላስተር አስለጥፌ። ምንም ልዩነት አልነበረም። ለአንድ ሳምንት የእማዬን ስልክ አላነሳሁም። ምን ብዬ? በስምንተኛው ቀን እትዬ ካፖርታቸውን ለብሰው ጠረጴዛዬ ጋ መጡና «ተነስ፣ ቤታችሁ ውሰደኝ» አሉኝ። እማዬ ፊት ተቀመጡ። «የቆጠርኩት እኔ ነኝ። አልሠራም» አሏት። እንዲሁ፣ ሳያድበሰብሱ። እማዬ «ስንት ቆጠርሽ?» አለቻቸው። «አሥራ ስምንት ሺህ ከምናምን።» «ለኔ ብለሽ?» «ለማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሳላውቅ ነው የምቆጥረው።» እማዬ ሳቀች! ያን ሳምንት ሙሉ ያለቀስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ጓደኛሞች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይወጣሉ። እማዬ «ከልጄ ጋር ስሄድ እወድቃለሁ፣ ከሷ ጋር ግን አልወድቅም» ትላለች። እንዴት ትወድቃለች? «ሦስት ደረጃ፣ ከዚያ ግማሽ» እየተባለ መንገዱ እየተቆጠረላት! እትዬ፣ ያኔ ዝም ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን አሳትሜ፣ ስሜ ተጠርቶ፣ እናቴን ደግሞ በባዶ ተስፋ አኑሬያት ነበር። ሰው አድርገውኛል። አመሰግናለሁ። ይህን ለማለት አሥር ዓመት ስለፈጀብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እትዬ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ፖስታ ከፍተው አያውቁም። እኛ ስንከፍት እሳቸው መስታወት አጥባለሁ ብለው ይወጣሉ፤ የቧንቧው ድምፅ ይሰማናል። ሲመለሱም «መድኃኒቱ ሠራ?» አይሉም። «ሁለቱ ቆጠራ ተስማማ?» ነው የሚሉት። እኛ ስንጮህም ስናዝንም የሳቸው ፊት ያው ነው። እኔ ግን አንድ ቀን ገብቼ አይቻቸዋለሁ። ቧንቧው ይፈሳል፣ እጃቸው ላይ ምንም መስታወት የለም። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል።

የአዲሱን መድኃኒት ጥናት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አራት ዓመት ፈጅቷል። እትዬ የመጨረሻዋን መስታወት የቆጠሩት ባለፈው ሐሙስ ነው። አለቃችን «ሳይሄዱ ውጤቱን ይወቁ፣ ቀደም ብለን እንክፈተው» ብለዋቸው ነበር። መልሱን እናንተው ገምቱ። «ሁለተኛው ቆጣሪ ሳይጨርስ?» ሁለተኛው ቆጣሪ እኔ ነበርኩ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ጨርሻለሁ። ፕላስተር አልነካሁም። እና እትዬ፣ ሁለቱ ቆጠራ ተስማምቷል።

ጋሼ፣ እስቲ ያምጡት። ይኸው ፖስታው፣ ከነማሸጊያው። እኔ መክፈት አልችልም፤ ቆጥሬያለሁ። እርስዎ ግን ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ጡረተኛ ነዎት እንጂ ቆጣሪ አይደሉም። አለቃችንን ጠይቄያለሁ፣ ፊርማቸው አለኝ። ደንቡ ለቆዎታል።

እማዬ ከጎንዎ ተቀምጣለች። አሁን የቀራት ዕይታ የስኒ አፍ ቢያክል ነው። ስንመጣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቃል አስገብታኛለች። «ፖስታው ከመከፈቱ በፊት ብርጭቆ አንሱ። ሠራም አልሠራም፣ የምትጠጡት ለሷ ነው» ብላኛለች። ስለዚህ ተነሱ። እትዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ።

ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ቅዳሜዎ ይብዛ። ምንም ሳይቆጥሩ የሚያልፉት ቀን ይስጥዎ፣ ባይሆንልዎትም። እዚህ ፖስታ ውስጥ ያለው ጥሩም ይሁን መጥፎ እውነት ነው፤ እውነት የሆነው እርስዎ ስለቆጠሩት ነው። ለእትዬ ድገመው!

ጠጣችሁ? ጥሩ። በሉ እትዬ፣ ወደ በሩ አይዩ፤ ቧንቧውን አዘግቼዋለሁ። እማዬ እጅዎን ይዛዎታለች። ይክፈቱት።