ዝም ያለችው ልጅ ተራ

የሕፃናት ክፍሉን በር ገፍቼ ስገባ ዋና ነርሷ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«አግዳሚው ላይ ተቀመጪ፤ ተራሽ ሲደርስ ትጠሪያለሽ» አሉኝ።

የመጣሁት ልጅ ላሳክም አልነበረም። ከጤና ቢሮ የተላክሁት፣ የትኛው ሕፃን ቀድሞ መታየት እንዳለበት ለመለየት የሚያግዝ ታብሌት ለነርሶቹ ላሳይ ነው። ይህን ለመናገር አፌን ስከፍት እሳቸው ወደ ሌላ እናት ዞረዋል። ስለዚህ ሄጄ ከእናቶቹ መካከል ተቀመጥሁ። ግማሽ ሰዓት አለፈ።

«ልጅሽስ የታለ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ልጅ የለኝም ሲስተር። ታብሌቱን ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ እስካሁን አፍሽን ማን ያዘው?»

«ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር።»

እናቶቹ ሳቁ። ዋና ነርሷም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ልጅ ካላለቀሰ ጡት አይሰጠውም» አሉኝ።

ዋና ነርሷን ሆስፒታሉ ውስጥ ሁሉም ሻለቃ ይላቸዋል። በዚህ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ተረታቸው ለቀልድ ይሁን እንጂ፣ የክፍሉም ደንብ እሱ እንደሆነ ተቀምጬ ሳለሁ አይቻለሁ። አምርሮ የሚያለቅሰው ልጅ ይቀድማል። የቀሩትን ሻለቃ በእጃቸው ጀርባ ግንባራቸውን ይነካሉ፤ ያተኮሰው ይገባል፣ ያላተኮሰው ይጠብቃል።

«እኔን የሚተካኝ ይሄ ነው በይኛ» አሉ ታብሌቱን በአገጫቸው እያመለከቱ።

«አይተካዎትም። ይጠይቃል እንጂ አይፈርድም። ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የኦክስጅን መጠን፣ የእጅና የእግር ቅዝቃዜ ይጠይቃል። ከዚያ ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ያሳያል። ቀይ ከሆነ ምን ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል ይነግራል።»

«መብራት ሲጠፋስ? እዚህ ቤት መብራት እንግዳ ነው። ሲመጣ ደስ ይለናል፣ ሲሄድም አንቀየምም።»

«ባትሪው አንዴ ከሞላ ሁለት ቀን ይቆያል። ኔትወርክም አይፈልግም።»

«እሺ፣ ይሄንንስ ምን ትያለሽ? እነዚህ ወጣት ነርሶች ሁሉን ነገር ከመስታወት ላይ ማንበብ ከለመዱ ዓይናቸው ይሰንፋል። እኔ በዚህ እጄ ስንቱን ለይቻለሁ!»

ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም።

«እጅዎን አልጠራጠርም ሲስተር። ግን በቀን መቶ ልጅ ይነካል። መቶኛው ላይ ሲደርስ አይደክምም? ይህ መቶኛውንም እንደ መጀመሪያው ይጠይቃል።»

«አፍ አላት ለካ!» አሉ ወደ እናቶቹ ዞረው። «በይ ሞክሪው። ግን እኔ አይቼ ይቆዩ ካልኳቸው ልጆች ላይ ነው።»

ማንን እንደምመርጥ አውቅ ነበር። አግዳሚው ላይ ከጎኔ ሁለት ዓመት የማይሞላት ልጅ በእናቷ ጭን ላይ ተኝታለች። አንዴ እግሯ ክንዴን ሲነካኝ ቅዝቃዜው አስደንግጦኝ ነበር። አስደንግጦኝም ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ይቺን?» አሉ ሻለቃ። «ነክቻታለሁ እኮ! ትኩሳት የላትም፤ እንቅልፏን ተያት።»

«ትናንት እንደ እሳት ነበረች» አለች እናቷ። «ዛሬ በረደላት ብዬ ተመስገን እያልኩ ነው። ከጧት ጀምሮ ግን ጡት አልያዘችም።»

ትንፋሿን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርሁ፤ ስድሳ ሁለት። ጣቷ ላይ የቆነጠጠው መለኪያ የልብ ምቷን መቶ ሰባ ስምንት፣ ኦክስጅኗን ሰማንያ ስምንት አለ። የጣቷን ጫፍ ተጭኜ ስለቀው ደም እስኪመለስበት አምስት ሰከንድ ፈጀ። ታብሌቱ ቀይ ሆነ።

ሻለቃ አላመኑም። የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ራሳቸው ቆጠሩ። ሲጨርሱ ፊታቸው ተለወጠ።

«ኦክስጅን አምጡ! ዶክተሩን ጥሩልኝ! አንቺ፣ የደም ስኳሯን ለኪ!» አሉ አንዷን ነርስ።

ሁለት ወጣት ነርሶች የልጅቷን ደም ሥር ፈልገው አጡ። ሻለቃ መነጽራቸውን አደረጉ፤ አንዴ ወግተው አገኙት። የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ታብሌቱ ቀይ ባሳየ በአሥራ ስምንት ደቂቃ ውስጥ ገባ። ታብሌቱ ያን ደም ሥር ሊያገኝ አይችልም ነበር። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ልጅቷ አልጋ ከያዘች በኋላ ሻለቃ ከጎኔ፣ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«አላለቀሰችም እኮ» አሉ።

«ለማልቀስ አቅም አልነበራትም።»

«ትኩሳትም አልነበራትም።»

«ኢንፌክሽኑ መላ ሰውነትን ሲያጠቃ፣ ሐኪሞች ሴፕሲስ የሚሉት ማለት ነው፣ አንዳንዱ ልጅ ይቀዘቅዛል። እናት ተሻለው ስትል ሰዓቱ ያልፋል።»

«ያለፉኝን አሁን አልቆጥርም። መቁጠር ከጀመርኩ ከዚህ አልነሳም» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም፣ «ግን አንድ ይጎድለዋል። አንዳንዴ ሁሉ ደህና ሆኖ ልቤ እንቢ ይለኛል። ያንን አይጠይቅም» አሉ።

«ይጠይቃል። የመጨረሻው ጥያቄ ‹ነርሷን ያሰጋት ነገር አለ?› ነው። አለ ካሉት ሐኪም ይጠራ ይላል።»

«ይህን አስቀድመሽ አትነግሪኝም!»

«ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር።»

ያን ጊዜ ሳቃቸውን አልዋጡትም።

ለሁለት ክፍል አንድ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል፣ ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ ነው። ትናንት የተቀጠረች ነርስ የሠላሳ ዓመት እጅ የላትም፤ ጥያቄዎቹ ግን የመጀመሪያ ቀኗ ላይም አብረዋት ናቸው። ሻለቃም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጣቶቹ ነርሶች ቁጥሩን ከታብሌቱ፣ ደም ሥሩን ከእሳቸው እንዲማሩ አደረጉ።

በአራተኛው ቀን መርፌ ሲቀየርላት ልጅቷ ክፍሉ እስኪናጋ ጮኸች። «አልቅሺ የኔ እመቤት፣ አልቅሺ!» እያሉ ሻለቃ አጨበጨቡ፤ እናቶቹም ተከተሏቸው። በሳምንቱ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ወጣች።

በማግስቱ ጧት ሻለቃ ታብሌቱን ይዘው አግዳሚው ጋ ቆሙ፤ ከማያለቅሱት ልጆች ጀመሩ።